ታንኩ መንገድ ሲስት፦ በታክቲካዊ የጦርነት ጌም ውስጥ የተሽከርካሪ እንቅስቃሴን የማስተካከል መመሪያ

ተጫዋቹ ታንኩን ከጫካው ጠርዝ 20 ሜትር ወደ ኋላ እንዲያፈገፍግ ያዘዋል። ታንኩ ባለበት ይዞራል፣ ስሱን የኋላ ብረት ለጠላት መድፍ ያሳያል፣ ይመታል። ሌላ ታንክ ደግሞ ከፊቱ ያለው ተሽከርካሪ ድልድይ ላይ ለሦስት ሰከንድ ስለ ቆመ ብቻ ወንዙን ተከትሎ ሁለት ኪሎ ሜትር ርቆ ወዳለው መሻገሪያ ብቻውን ይነጉዳል። ተጫዋቹ «ጌሙ መንገድ አያውቅም» ይላል። ኮዱ ሲመረመር ግን መንገድ ፈላጊው አብዛኛውን ጊዜ ለተጠየቀው ትክክለኛውን መልስ ሰጥቷል። የተበላሸው ጥያቄው ነው፦ ተሽከርካሪውን እንደ አንዲት ነጥብ ቆጥረን መንገድ አስፈልገን፣ ስድስት ሜትር ርዝመት ያለው ብረት በዚያ መንገድ እንዲሄድ እናዘዋለን።

መመሪያው የተጻፈው ጌሙን ለሚሠሩ ሰዎች ነው። ካርታው በካሬዎች የተከፋፈለ፣ የመንገድ ፍለጋው ኤ-ስታር እንደሆነ እንቆጥራለን። ይህን ስልት ሃርት፣ ኒልሰንና ራፋኤል በስታንፎርድ የምርምር ተቋም ሠርተው በ1968 ያሳተሙት ሲሆን ዛሬም ለዚህ ሥራ የሚመጥን ነው። ለምሳሌ የምንጠቀምበት ታንክ 3 ሜትር ስፋትና 6 ሜትር ርዝመት አለው፤ በጥርጊያ መንገድ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ አካሉ በሰከንድ 20 ዲግሪ ይዞራል። ቁጥሮቹን በራሳችሁ ተሽከርካሪ ልክ ቀይሯቸው፤ ስሌቱ ያው ነው።

1. ከመንካታችሁ በፊት ጥፋቱ የማን እንደሆነ ለዩ

የተሽከርካሪ እንቅስቃሴ ሦስት ሠራተኞች የሚቀባበሉት ሥራ ነው። አንዱ መንገዱን ይመርጣል፣ ሁለተኛው በተመረጠው መንገድ ላይ ይነዳል፣ ሦስተኛው ከሌሎች ተሽከርካሪዎች ጋር ያስማማል። የአንዱን ጥፋት በሌላው ኮድ ውስጥ ለመጠገን መሞከር ወራት የሚበላ ስህተት ነው። ለምሳሌ ነጂው ኮድ ከአጥር ጋር ሲጋጭ «አጥር ካለ ወደ ግራ ሂድ» የሚል ማስተካከያ ብታስገቡ፣ መንገዱ ራሱ አጥሩን አስታክኮ የተሰመረ እስከሆነ ድረስ ሁለቱ ኮዶች ሲጓተቱ ይኖራሉ።

ስለዚህ መጀመሪያ የምርመራ ማሳያ ሥሩ። በአንድ ቁልፍ የሚበራና የሚጠፋ ሆኖ አምስት ነገሮችን ይሳል፦ የተገኘውን ጥሬ መንገድ፣ ከተስተካከለ በኋላ ያለውን መንገድ፣ የተሽከርካሪውን እውነተኛ አራት ማዕዘን፣ የእያንዳንዱን ካሬ ዋጋ (ለማለፍ የሚያስከፍለውን) በቀለም፣ እንዲሁም ተሽከርካሪው አሁን ያለበትን ሁኔታ በአንድ ቃል፦ «እየሄደ»፣ «እየጠበቀ»፣ «እየፈለገ»፣ «ተጣብቆ»። ይህ የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ከእሱ በኋላ የሚመጣውን ሁሉ ያሳጥራል።

ከዚያ ችግሩ የታየበትን ካርታ ክፈቱና ሌሎቹን ተሽከርካሪዎች በሙሉ አውጡ። ታንኩ ብቻውን ሆኖ ችግሩ ከጠፋ ጥፋቱ የትራፊክ ነው። ካልጠፋ መስመሩን ተመልከቱ። እናንተ ብትነዱ የማትሄዱበት መስመር ከሆነ ጥፋቱ የፈላጊው ነው። መስመሩ ጥሩ ሆኖ ታንኩ ከእሱ ከወጣ ጥፋቱ የነጂው ነው።

2. ካርታው ስፋትን ይወቅ

«ይህ ካሬ ክፍት ነው ወይስ ዝግ» የሚለው መረጃ ብቻውን ለእግረኛ ወታደር ይበቃል፤ ለታንክ አይበቃም። እያንዳንዱ ካሬ እስከ ቅርቡ እንቅፋት ያለውን ርቀት በሜትር መያዝ አለበት። ስሌቱ ቀላል ነው፦ ካርታውን አንድ ጊዜ ከላይ ከግራ ወደ ታች ወደ ቀኝ፣ ሁለተኛ ጊዜ ደግሞ በተቃራኒው ትጠርጉታላችሁ፤ በእያንዳንዱ ካሬ ላይ የጎረቤቶቹን ርቀት ወስዳችሁ ለቀጥታ 1፣ ለሰያፍ 1.41 እየጨመራችሁ ትንሹን ትይዛላችሁ። ከ10 ሜትር በላይ ያለውን 10 ብላችሁ ቁረጡት። ይህ መቁረጥ ጥቅም አለው፦ ግንብ ሲፈርስ ወይም ታንክ ተቃጥሎ መንገድ ሲዘጋ እንደገና የምታሰሉት በዙሪያው ያለውን 10 ሜትር ብቻ ይሆናል።

አሁን ለታንካችን ሁለት ልኮች አሉ። የስፋቱ ግማሽ 1.5 ሜትር ነው፤ 30 ሳንቲ ሜትር መጠባበቂያ ስንጨምር 1.8 ይሆናል። ከመሐሉ እስከ ማዕዘኑ ያለው ርቀት ደግሞ 3.35 ሜትር ነው። ርቀቱ ከ1.8 በታች የሆነ ካሬ ዝግ ነው። ከ3.4 በላይ የሆነው ነፃ ነው፣ ታንኩ እዚያ እንደፈለገ ይዞራል። በሁለቱ መካከል ያለው ግን ሦስተኛ ዓይነት ነው፦ ቀጥ ብሎ ማለፍ ይቻላል፣ መዞር አይቻልም። ብዙ ጌሞች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ሁሉንም በትንሹ ልክ ከለኩ ታንኩ ጠባብ መንደር መሐል ገብቶ ሲዞር አፍሙዙ ወይም ጥጉ ቤት ውስጥ ይሰካል። ሁሉንም በትልቁ ከለኩ ደግሞ ሰባት ሜትር የማይሞላ መንገድ በሙሉ ዝግ ሆኖ ታንኩ በከተማው ዙሪያ ይሽከረከራል። መካከለኛውን ዓይነት «ጠባብ» ብላችሁ ምልክት አድርጉበት፤ ወደ ትራፊክ ስንደርስ እንደገና ያስፈልገናል።

የካሬው መጠን ራሱ ያታልላል። ሁለት ሜትር በሆነ ካሬ ላይ የ3.6 ሜትር በር መሐል ከካሬው መሐል እስከ አንድ ሜትር ሊርቅ ይችላል፤ ያኔ ልኩ 0.8 ይሆንና በዓይን ሲታይ የሚያሳልፈው በር ዝግ ተብሎ ይመዘገባል። ያንኑ በር አንድ ሜትር ወደ ጎን ብትገፉት ይከፈታል። «አንዳንዴ ያልፋል አንዳንዴ አያልፍም» የሚሉ ቅሬታዎች ምንጫቸው ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው። መፍትሔው ሁለት ነው። ርቀቱን በ1 ሜትር ካሬ አስሉ፤ ፍለጋው በ2 ሜትር ካሬ ከሆነ ከአራቱ ትንንሽ ካሬዎች ትልቁን ልክ ውሰዱና የማለፊያ ነጥቡን እዚያች ላይ አድርጉ። ከአንዱ ካሬ ወደ ሌላው ስትሻገሩም መሐል ላይ ያለውን ልክ ተመልከቱ። ለካርታ ሠሪዎች ደግሞ ቁርጥ ያለ ደንብ ስጡ፦ ተሽከርካሪ የሚያልፍበት በር ከ5 ሜትር አይጥበብ፤ የግድ ከጠበበ ሠሪው በእጁ የመሻገሪያ መስመር ያስምርበት።

ሁለት ትንንሽ ነገሮች እዚሁ ይዘጉ። በሰያፍ የሚደረግ እርምጃ የሚፈቀደው ሁለቱም የጎን ካሬዎች ክፍት ሲሆኑ ብቻ ነው፤ አለበለዚያ ታንኩ የግንብ ማዕዘን ይቆርጣል። የእንጨት አጥርና ቀጭን ዛፍ ደግሞ እንደ ግንብ ዝግ መሆን የለባቸውም፤ ባለ ሰንሰለቱ ታንክ ሁለት ሦስት ሰከንድ ከፍሎ ይደፈጥጣቸዋል፣ ባለ ጎማው ግን አያልፍም። ስለዚህ ካርታው ለእያንዳንዱ የተሽከርካሪ ክፍል ለየብቻ ይዘጋጅ። ከባድ ሰንሰለት፣ ቀላል ሰንሰለት፣ ግማሽ ሰንሰለት (ከፊት ጎማ፣ ከኋላ ሰንሰለት ያለው)፣ ጎማ፦ አራት ይበቃሉ።

3. ዋጋውን በጊዜ ተምኑ

ጥርጊያ መንገድ 1፣ ሜዳ 2፣ ጭቃ 5 እያሉ ከጭንቅላት የሚወጡ ቁጥሮች እያደር ይጋጫሉ፤ ማንም ሰው «ለምን 5 ሆነ?» ሲባል መልስ አይኖረውም። ዋጋው ታንኩ ካሬውን ለማለፍ የሚፈጅበት ጊዜ ይሁን፣ በሚሊ ሰከንድ፣ በሙሉ ቁጥር። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ማለት በሰከንድ 8.3 ሜትር ነው፤ ባለ 2 ሜትር ካሬ 240 ሚሊ ሰከንድ ይወስዳል። በሜዳ 15 ኪሎ ሜትር ከሄደ 480፣ በጭቃ 5 ኪሎ ሜትር ከሄደ 1,440። ሰያፍ እርምጃ በ1.414 ይባዛል። ሙሉ ቁጥር ያልንበት ምክንያት አለ፦ በኔትወርክ በሚደረግ ጨዋታ የአስርዮሽ ስሌት በሁለት ኮምፒውተሮች ላይ በጥቂቱ ሊለያይ ይችላል፣ ያ ጥቂት ልዩነት ደግሞ ሁለት የተለያዩ መንገዶች ይወልዳል።

ጭቃ የመያዝ ዕድልም ወደ ጊዜ ይለወጣል። በአንድ ረግረጋማ ካሬ ላይ ታንኩ የመዋጥ ዕድሉ ከሺህ አንድ ከሆነና መዋጥ ማለት ለተጫዋቹ የ10 ደቂቃ ኪሳራ ነው ካላችሁ፣ 600 ሰከንድ በ0.001 ሲባዛ 600 ሚሊ ሰከንድ ነው። በካሬው ዋጋ ላይ ደምሩት። ፈላጊው ረግረጉን ፈርቶ የሚሸሸው በልኩ ይሆናል፦ አጭር ከሆነ ይደፍረዋል፣ ረጅም ከሆነ ይዞረዋል።

ኤ-ስታር እስከ መድረሻው የቀረውን ጊዜ ይገምታል፤ ግምቱ ከእውነተኛው መብለጥ የለበትም። ስለዚህ ቀሪውን ርቀት የምታካፍሉት ለዚያ ተሽከርካሪ በካርታው ላይ ላለው ከፍተኛ ፍጥነት ነው፤ በምሳሌያችን 8.3። ብዙ ሰው «አማካይ» ብሎ ለ4 ያካፍላል። ያኔ ግምቱ ይበልጣል፤ ውጤቱም የታወቀው ቅሬታ ነው፦ 30 ሜትር ወደ ጎን ጥሩ መንገድ እያለ ታንኩ በማሳው ውስጥ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ፍለጋው ቀርፋፋ ከሆነባችሁ ግምቱን በ1.1 ወይም በ1.2 ብታባዙት ይፈቀዳል፤ የሚገኘው መንገድ ከምርጡ ቢበዛ በ10 ወይም በ20 በመቶ ቢረዝም ነው። ከዚያ አትለፉ።

አንድ ነገር ግን በጥብቅ ያዙ። ዋጋው መሠራት ያለበት የተጫዋቹ ወገን ከሚያውቀው ነገር ብቻ ነው። ፈላጊው የተደበቀውን የፈንጂ መስክ ካወቀ፣ ተጫዋቹ ትእዛዝ ሲሰጥ በማያው ላይ የሚሳለው መስመር ባዶ በሚመስል ሜዳ ላይ ጠመም ይላል፤ ተጫዋቹም ፈንጂው የት እንዳለ ሳያስስ ያውቃል። ለፈራረሰ ድልድይም፣ ላልታየ ፀረ ታንክ መድፍም እንዲሁ ነው። ለእያንዳንዱ ወገን የራሱ የእውቀት ካርታ ይኑረው፤ ታንኩ ያልጠበቀው ነገር ሲገጥመው ያን ጊዜ ይመዝገብና መንገዱ እንደገና ይፈለግ።

ድልድይን እንደ ተራ ካሬ አታድርጉት። መግቢያ፣ መውጫ፣ የመሐል መስመርና የክብደት ልክ ያለው ራሱን የቻለ ማያያዣ ይሁን። የሁለተኛውን የዓለም ጦርነት የሚጫወት ሰው 57 ቶን የሚመዝነው የጀርመኑ ታንክ ታይገር 30 ቶን ገደማ የሚመዝነው የአሜሪካው ሸርማን የሚያልፍበትን ድልድይ ሁሉ ይሻገራል ብሎ አይጠብቅም።

4. መዞር ጊዜ ይወስዳል፤ ቁጠሩት

መግቢያው ላይ ያየነው የኋላ ብረት ችግር የሚፈታው እዚህ ነው። ፈላጊው ታንኩ ወዴት እንደዞረ ካላወቀ ከኋላው ያለው ነጥብም ከፊቱ ያለው ነጥብም ለእሱ እኩል ናቸው። አቅጣጫን በስምንት ከፍላችሁ የፍለጋው አካል አድርጉት፦ እያንዳንዱ ካሬ ስምንት ይሆናል፣ የ45 ዲግሪ መዞር ደግሞ 2.25 ሰከንድ ያስከፍላል።

የተሽከርካሪዎቹ ጠባይ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። ታይገር ሁለቱን ሰንሰለቶች በተቃራኒ እያንቀሳቀሰ ባለበት ይዞራል። የሶቪየቱ ቲ-34 አንዱን ሰንሰለት አስሮ በእሱ ዙሪያ ይዞራል። ሸርማን ባለበት መዞር አይችልም፤ ሙሉ ክብ ለመዞር 19 ሜትር ገደማ ስፋት ይፈልጋል። ባለ ጎማው ደግሞ ጎማው ከሚፈቅደው በላይ አይታጠፍም። ለኋለኞቹ ሁለት ዓይነቶች ባለ ስምንት አቅጣጫው ካሬ አይበቃም። ወደ ፊት ብቻ ለሚሄድ ተሽከርካሪ አጭሩን መታጠፊያ ዱቢንስ በ1957 አሳይቷል፤ ወደ ኋላ መንዳትን ጨምረው ሪድስና ሼፕ በ1990 አሟሉት። ሁለቱም ቀጥታ መስመርንና ቅስትን ብቻ የሚጠቀሙ ስለሆኑ በኮድ ለማስገባት አይከብዱም። ኤ-ስታርን ከእነዚህ ጋር ያጣመረው ድብልቅ ስልት ደግሞ የስታንፎርድ ቡድን ጁኒየር በተባለው ሰው አልባ መኪናው ላይ በ2007 የከተማ ውድድር የተጠቀመበት ነው። ለመላው ጉዞ አያስፈልጋችሁም፤ ውድ ነው። ረጅሙን መንገድ በተራው ካሬ ፈልጉ፤ ድብልቁን ለመነሻውና ለመድረሻው 30 ሜትር ብቻ ተጠቀሙበት።

አሁን ወደ ኋላ መንዳቱን እንመዝነው። ታንኩ ወደ ኋላ በሰከንድ 1.5 ሜትር፣ በሜዳ ወደ ፊት 4 ሜትር ይሄዳል እንበል። መድረሻው በትክክል ከኋላው 20 ሜትር ነው። ለመዞር 9 ሰከንድ፣ ለመሄድ 5 ሰከንድ፣ ድምር 14። ወደ ኋላ ቢነዳ 13.3። ልዩነቱ ኢምንት ስለሆነ ትንሽ ርቀት ሲጨመር ኮዱ መዞርን ይመርጣል። የተረሳው ግን ታንኩ መድረሻው ላይ ፊቱን ወደ ጠላት መመለስ እንዳለበት ነው፤ ያ ሌላ 9 ሰከንድ ነው። እውነተኛው ንጽጽር 23 ከ13.3 ጋር ነው። የመጨረሻው አቅጣጫ ሲታሰብ ወደ ኋላ መንዳት እስከ 43 ሜትር ድረስ ያዋጣል፤ ሳይታሰብ ግን 21 ሜትር ተኩል ላይ ያበቃል። ስለዚህ ትእዛዙ ሁልጊዜ የመድረሻ አቅጣጫ ይኑረው። ተጫዋቹ ካልሰጠ ራሳችሁ ሙሉ፦ የታወቀ ስጋት ካለ ወደ ስጋቱ፣ ከሌለ ወደ ጉዞው። ለስጋት የተጋለጠ የጎንና የኋላ ብረት በሰከንድ ተጨማሪ ዋጋ እንዲከፍል ብታደርጉ ደግሞ ሃምሳና ስልሳ ሜትር እንኳ በጥንቃቄ ወደ ኋላ ያፈገፍጋል። ቱሬት (ለብቻው የሚዞር የመድፍ ማማ) ካለውና ከሌለው ተሽከርካሪ የኋለኛው ይህን ዋጋ በእጥፍ ይክፈል፤ ሲዞር መድፉም አብሮ ይዞራል።

5. መስመሩን ስታቃኑ ዋጋውን አትርሱ

ከካሬ የሚወጣ መንገድ የደረጃ ቅርጽ ስላለው ይቃናል፦ ከአንዱ ነጥብ ወደ ሦስተኛው በቀጥታ መሄድ ከተቻለ ሁለተኛው ይሰረዛል። አብዛኛው ኮድ የሚጠይቀው «መሐል ላይ እንቅፋት አለ?» ብቻ ነው። መንገዱ ረግረጉን በቅስት ዞሮት ከሆነ ግን ረግረጉ እንቅፋት አይደለም፤ ማቃኛው መስመሩን በረግረጉ መሐል ይስበውና ፈላጊው በጥንቃቄ የሠራውን ሁሉ ያፈርሰዋል። ሁለት ጥያቄ ጨምሩ፦ በአዲሱ መስመር ላይ ያለው ስፋት በሙሉ ይበቃል? የአዲሱ መስመር ጊዜ ከአሮጌው አይበልጥም? ከሁለቱ አንዱ ካልተሟላ ነጥቡ ይቆይ። በድልድይና በጠባብ መተላለፊያ ላይ ያሉ ነጥቦች ፈጽሞ አይነኩ፤ ከመግቢያውም ሆነ ከመውጫው 10 ሜትር ቀጥ ያለ መስመር ይኑር። ታንክ ድልድይ ላይ በሰያፍ ከገባ የድልድዩን የጎን አጥር ይመታል።

6. ነጂው

ታንኩ በመድረሻው ዙሪያ እንደ ውሻ ይዞራል፣ አይደርስም። ምክንያቱ ንጹሕ ስሌት ነው። የመታጠፊያው ራዲየስ ፍጥነት ለመዞር ፍጥነት ሲካፈል ነው፤ በሰከንድ 6 ሜትር እየሄደ በሰከንድ 20 ዲግሪ፣ ማለትም 0.35 ራዲያን የሚዞር ታንክ 17 ሜትር ራዲየስ ያለው ክብ ይሠራል። «ደረሰ» የሚባልበት ርቀት 5 ሜትር ከሆነ ታንኩ ለዘላለም ሊዞረው ይችላል። በ5 ሜትር ራዲየስ ለመታጠፍ ፍጥነቱ ወደ 1.75 መውረድ አለበት። ስለዚህ ነጂው ፊት ያለውን መታጠፊያ አይቶ አስቀድሞ ፍሬን ይያዝ። መድረሻ ላይ ለመቆም የሚፈቀደው ፍጥነት የ2 × ፍሬን × ቀሪ ርቀት ስኩዌር ሩት ነው፤ ፍሬኑ በየሰከንዱ ፍጥነቱን በ1.5 ሜትር በሰከንድ የሚቀንስ፣ ርቀቱ 10 ሜትር ሲሆን 5.5 ሜትር በሰከንድ ይሆናል። መሐል ላይ ያሉ የማለፊያ ነጥቦችን ደግሞ በርቀት አትለኩ። ነጥቡ ላይ መስመሩን የሚያቋርጥ አግድም ወሰን አስቡ፤ ታንኩ ያንን ወሰን ካለፈ ነጥቡ አልፏል።

ነጂው የሚያነጣጥረው ቀጣዩ ነጥብ ላይ ሳይሆን መስመሩ ላይ ትንሽ ወደ ፊት ባለ ቦታ ላይ ይሁን፦ የአንድ ሰከንድ ጉዞ ያህል፣ ከ4 ሜትር ያላነሰ፣ ከ15 ያልበለጠ። አጭር ካደረጋችሁት እንደ እባብ ይጥመለመላል፣ ረጅም ካደረጋችሁት ማዕዘን ይቆርጣል። በጠባብ ካሬዎች ላይ ሁልጊዜ ትንሹን ተጠቀሙ።

ሌላው የተለመደ ችግር ማመንታት ነው፦ ታንኩ ትንሽ ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ እያለ ባለበት ይንቀጠቀጣል። ሁለት እኩል መንገዶች አሉ፣ ኮዱም በየግማሽ ሰከንዱ እንደገና ይፈልጋል፣ በእያንዳንዱ ጊዜ ሌላኛው በጥቂት ይሻላል። የያዘውን መንገድ የሚጥለው አዲሱ ቢያንስ በ15 በመቶ ሲሻል ወይም የያዘው ሲዘጋ ብቻ ይሁን።

7. ትራፊክ

ወደ ድልድዩ እንመለስ። የፊተኛው ቆመ፤ የኋለኛው የቆመውን ተሽከርካሪ እንደ ግንብ ቆጠረውና ሌላ መንገድ ፈለገ። ስህተቱ ሦስት የተለያዩ ነገሮችን አንድ ማድረጉ ነው። የሚንቀሳቀስ ተሽከርካሪ ለፈላጊው እንቅፋት አይደለም፣ የነጂው ጉዳይ ነው። ለጊዜው የቆመ ተሽከርካሪ ዋጋ ነው፤ ለ8 ሰከንድ ይጠበቃል፣ ከዚያ በኋላ ካሬዎቹ ላይ የ15 ሰከንድ ተጨማሪ ዋጋ ይጫንና እንደገና ይፈለጋል። የተቃጠለ ወይም ሰንሰለቱ የተበጠሰ ተሽከርካሪ ግን ወዲያው በስፋት ካርታው ላይ እንደ ግንብ ይታተማል። በዚህ መንገድ የሁለት ኪሎ ሜትር ዙሪያ ጥምጥም የሚመረጠው ድልድዩ በእርግጥ ሲዘጋ ብቻ ነው። የመጠበቂያው ጊዜ ለሁሉም እኩል አይሁን፤ በየተሽከርካሪው መለያ ቁጥር እስከ ሁለት ሰከንድ ይለያይ፣ አለበለዚያ አራቱም በአንድ ቅጽበት ተነሥተው አንድ ቦታ ላይ ይጋጠማሉ።

በሰልፍ የሚሄዱ ተሽከርካሪዎች እያንዳንዳቸው መንገድ መፈለግ የለባቸውም። መሪው ብቻ ይፈልግ፣ በየሁለት ሜትሩ ዱካውን ያስቀምጥ፣ ቀሪዎቹ ከ15 እስከ 20 ሜትር ተራርቀው ዱካውን ይከተሉ። ፍጥነታቸውን ከፊታቸው ካለው ጋር ያስማሙ። መሪው የሰልፉን ሰፊውንና ቀርፋፋውን ተሽከርካሪ ልክ ይዞ ይፈልግ፤ ጂፕ መሪ ሆኖ ታንኩን ታንክ በማያልፍበት በር የሚጎትትበት ጌም ጥቂት አይደለም። መሪው ሲመታ ሁለተኛው ከራሱ ቦታ ተነሥቶ አዲስ መንገድ ይፈልጋል፤ የሞተውን ዱካ አይከተልም።

ጠባብ ቦታ በተራ ይታለፋል። በደረጃ 2 «ጠባብ» ያልናቸውን ተያያዥ ካሬዎች እንደ አንድ መተላለፊያ ቁጠሯቸውና ተራ መያዣ ስጧቸው። ወደ መግቢያው 20 ሜትር ሲቀረው ተሽከርካሪው ተራ ይጠይቃል። መተላለፊያው ባዶ ከሆነ ወይም ውስጥ ያሉት በእሱ አቅጣጫ የሚሄዱ ከሆኑ ይገባል፤ በተቃራኒው ከሆኑ ከመግቢያው ውጪ፣ ለሚወጣው ቦታ ትቶ ወደ ጎን ይቆማል። ለሚወጣው ቦታ መተው የሚረሳ ነገር ነው፤ በሩ ላይ ቆሞ የሚጠብቅ ታንክ የሚጠብቀውን ታንክ ራሱ ዘግቶታል። በአንድ አቅጣጫ የሚገቡት አራት ከሆኑ በኋላ ተራው ለተቃራኒው ይሰጥ። በመውጫው በኩል ቦታ መኖሩም ይረጋገጥ፤ አለበለዚያ ሰልፉ ድልድዩ ላይ ይቆማል፣ ያም ከሁሉ የከፋው መቆሚያ ነው።

ይህም ሆኖ የሚፋጠጡ ይኖራሉ። እያንዳንዱ የቆመ ተሽከርካሪ ማንን እንደሚጠብቅ ይመዝገብ፤ ሰንሰለቱን ተከትላችሁ ወደ ጀመራችሁበት ከተመለሳችሁ መፋጠጥ አለ። ከተፋጠጡት መካከል ከኋላው ክፍት ቦታ ያለው ይመረጥና ርቀቱ ከ5 ሜትር በላይ ወደሆነ ቅርብ ካሬ ወደ ኋላ ይነዳ። ብዙ ከሆኑ መለያ ቁጥሩ የሚበልጠው ይሸነፍ። ማን እንደሚያፈገፍግ በዕጣ አትወስኑ፤ በኔትወርክ ጨዋታ ችግር ነው፣ ስህተቱንም ደግሞ ለማየት አይመችም።

ለሕዝብ እንቅስቃሴ የተሠሩ የእርስ በርስ መተላለፊያ ስሌቶች ለታንክ ብቻቸውን አይሆኑም። እነሱ የሚያስቡት ወደ ጎን መንሸራተት የሚችል ክብ አካልን ነው፤ ታንክ ወደ ጎን አይሄድምና በእነሱ ሲነዳ ይንቀጠቀጣል። ለትራፊክ የሚሻለው ዴቪድ ሲልቨር በ2005 ያቀረበው ሐሳብ ነው፦ ተሽከርካሪው ቦታን ብቻ ሳይሆን ቦታን ከነጊዜው ያስይዛል፣ ለቀጣዮቹ ጥቂት እርምጃዎች ብቻ። በከተማ ውጊያ ላይ ያተኮረ ጌም ከሠራችሁ ድካሙ ይገባዋል። በሜዳ ላይ ለሚደረግ ጦርነት ተራ መያዙ ይበቃል።

8. የተጣበቀን ማላቀቅ

መጣበቅን በቦታ አትለኩ፤ የሚንቀጠቀጥ ታንክ ቦታው ይለዋወጣል። በመስመሩ ላይ ምን ያህል ወደ ፊት እንደሄደ ለኩ። ተራ ሳይጠብቅ በ3 ሰከንድ ውስጥ አንድ ሜትር ካልተራመደ ተጣብቋል። መጀመሪያ ሙሉ በሙሉ ቁሞ 2 ሰከንድ ይጠብቅ። ካልሆነ የርዝመቱን አንድ እጥፍ ተኩል፣ ማለትም 9 ሜትር፣ ከኋላው ክፍት መሆኑ ተረጋግጦ ወደ ኋላ ይንዳ። ከዚያ የተጣበቀበት 6 ሜትር ዙሪያ ለ30 ሰከንድ ተወድዶ መንገዱ እንደገና ይፈለግ። ሦስት ጊዜ ተሞክሮ ካልሆነ ይቁምና ለተጫዋቹ ይንገር፤ ዝም ብሎ መቅረትም፣ በድንገት ከግድግዳው ማዶ መገኘትም ተጫዋቹን እኩል ያስቆጣሉ። እያንዳንዱ መጣበቅ ከነቦታው በፋይል ይመዝገብ። መቶ ጨዋታ ካለፈ በኋላ ነጥቦቹን ካርታው ላይ ብትዘረግፏቸው አብዛኞቹ በጥቂት ቦታዎች ይከማቻሉ፤ ያን ጊዜ የሚጠገነው ኮዱ ሳይሆን ካርታው ነው።

9. ፍጥነትና የማይደረስ መድረሻ

አንድ ኪሎ ሜትር በአንድ ኪሎ ሜትር የሆነ ካርታ በ2 ሜትር ካሬ 250,000 ካሬ አለው፤ በስምንት አቅጣጫ 2,000,000 ይሆናል። አቅጣጫውን በጫፎቹ ላይ ብቻ ተጠቀሙ ያልነው ለዚህ ነው። ለትልልቅ ካርታዎች ቦቴያ፣ ሙለርና ሼፈር በ2004 ያሳዩት በክፍለ ቦታ የተደራጀ ፍለጋ ይረዳል፦ መጀመሪያ በትልልቅ ብሎኮች መካከል፣ ከዚያ በእያንዳንዱ ብሎክ ውስጥ።

ከሁሉ በላይ ጌሙን የሚያንቀው ግን ረጅም መንገድ አይደለም፤ የሌለ መንገድ ነው። መድረሻው በግንብ የታጠረ ግቢ ውስጥ ከሆነ ኤ-ስታር «የለም» ለማለት የሚደረስበትን ካሬ ሁሉ ይጎበኛል። ስድስት ታንክ እዚያ ከታዘዘ ምስሉ ይቆማል። ለእያንዳንዱ የተሽከርካሪ ክፍል እርስ በርስ የሚደራረሱ ካሬዎችን በአንድ ቁጥር ሰይማችሁ አስቀምጡ። የመነሻውና የመድረሻው ቁጥር ከተለያየ አትፈልጉ፤ ለመድረሻው ቅርብ የሆነውን፣ ቁጥሩ ከመነሻው ጋር የሚገጥመውን ካሬ መድረሻ አድርጉ። ተጫዋቹም ከማዘዙ በፊት መስመሩ እዚያ ላይ በሌላ ቀለም ሲያበቃ ይይ። ግንብ በመድፍ ሲፈርስ ወይም ድልድይ ሲሰበር ቁጥሮቹ ይታደሳሉ።

10. የመፈተሻ ካርታዎች

እያንዳንዱ ለውጥ ከገባ በኋላ በራሳቸው የሚሮጡ ትንንሽ ካርታዎች አዘጋጁ፦ 5 ሜትር በር በአሥር የተለያዩ አቀማመጦች፤ አራት ታንክ ከዚህ አራት ታንክ ከዚያ የሚገናኙበት ድልድይ፤ ረግረግን የሚዞር ጥምዝ መንገድ፤ መውጫ የሌለው የመንደር ጎዳና መጨረሻ ላይ የቆመ ባለ ጎማ፤ ጠላት ከፊቱ እያለ 20፣ 40 እና 60 ሜትር ወደ ኋላ የሚታዘዝ ታንክ፤ መሪው መሐል ላይ የሚመታበት ሰልፍ፤ የታጠረ ግቢ። ለእያንዳንዱ ሦስት ቁጥር ይያዝ፦ የፈጀው ጊዜ፣ የመጣበቅ ብዛት፣ የጎንና የኋላ ብረት ለጠላት የታየበት ሰከንድ። ሦስተኛውን ቁጥር የሚመዘግብ ጥቂት ነው፤ ተጫዋቹ የሚናደድበት ግን እሱ ነው። ከትናንቱ በ10 በመቶ የባሰ ካለ ለውጡ አይገባም።